አራስን መጠየቅ

(ሉቃስ 1፥39-56)



ድንግል ማርያም የመልአኩን ቃል ከተቀበለች በኋላ በቤቷ አልተቀመጠችም፤ ፈጥና ተነሥታ በይሁዳ ደጋ ወዳለው ወደ ዘካርያስ ቤት ወጣች። በዚያ ቤት በእርጅናዋ የፀነሰች ሴትና አንደበቱ የተያዘ ባል ነበሩ። ማርያምም ሰላምታ ሰጥታ በማግሥቱ አልተመለሰችም፤ ሦስት ወር ያህል ከኤልሳቤጥ ጋር ተቀመጠች። በእነዚያ ወራት ውኃ ቀድታ፥ እህል ፈጭታ እንደ ሆነ ወንጌላዊው አይነግረንም፤ የነገረን መቆየቷን ነው። እውነተኛ ጥየቃ እንዲህ ያለ ነው።

በእኛም አገር እልልታው በተሰማ ጊዜ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም ገላገለሽ» ይባላል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ገንፎው ከተበላ በኋላ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳ ማን ነው?

እኔ ራሴ በዚህ ነገር በደለኛ ነኝ። አንድ ጊዜ ወደ አንዲት አራስ ቤት ገብቼ ጸለይሁ፥ ገንፎውን ቀመስሁ፥ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። እናቲቱ ዝም ብላ ነበር፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ድካም ቆጠርሁት። በሦስተኛው ቀን የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። እርስዋም ሕፃኑን ገልጣ አየች፥ እግሩን ዳሰሰች፥ «ጡት ስታጠቢው ልይ» አለች። ሕፃኑ አይጠባም ነበር፤ ገላውም ቀዝቅዞ ነበር። ወዲያው በእናቱ ደረት ላይ ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ በእግዚአብሔርም ቸርነት ዳነ። ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው አይቶ ያለፈው ካህን ማን እንደ ሆነ ያን ቀን ተረዳሁ።

እንዲህ ያሉት እኅቶች በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ እየሠለጠኑ በየገጠር ቀበሌው ተሰማርተዋል፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆኗል። በጨቅላነታቸው ከሚሞቱት ሕፃናት የሚበዙት የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕፃኑ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቀን፥ ቢቻልም በሰባተኛው ቀን በቤቱ እንዲጠየቅ መክረዋል። ነገር ግን ሥራው ለእነርሱ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ከሁሉ ቀድሞ ደጁ ላይ የሚደርሰው ጎረቤት ነውና።

እንግዲህ አራስ ስትጠይቁ ይህን አስተውሉ። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፥ እንገሩ፥ ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ ነውና ታልቦ አይፍሰስ። ቅቤ ማላስ ይቅር፤ እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆዩ፤ በእናቱ ገላ ላይ ይሙቅ። ጡት እምቢ ካለ፥ ትንፋሹ ከፈጠነ፥ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ ለነገ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ይህንም በትሕትና ተናገሩ፤ አያቲቱ ቅቤውን ያመጣችው በፍቅር ነው። እናቲቱንም ጠይቋት፤ ትበላለችን? እንቅልፍ ታገኛለችን? ብቻዋን ታለቅሳለችን? ከአርባ ቀንም በኋላ ተመለሱ፤ ሕፃኑን አጫውቱት፥ አነጋግሩት፤ ልቡናው በዚህ ያድጋልና።

አባቶች ሆይ፥ ይህ የሴቶች ነገር ነው አትበሉ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ስለ ጋብቻ ሲጽፍ፥ አባት የሕፃኑን ጨርቅ በእምነት ቢያጥብ ሰዎች ቢስቁበትም እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር ደስ እንደሚለው አስተምሯል። ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መፍለጥ፥ ሌሊት ሕፃኑን መያዝ አያሳፍርም።

ጌታችን በስሙ ሕፃንን የሚቀበል እርሱን እንደሚቀበል ነግሮናል። በሰፈራችሁ አራስ ያለችበትን ቤት ታውቃላችሁ። በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ በሚመጣውም ሳምንት ተመለሱ።

ጌታ ሆይ፥ በግርግም የተኛህ አንተ፥ የሚያይ ዓይንና የማይሰለች እግር ስጠን። አሜን።