ለመራባት የወጣን ዓሣ ማጥመድ ይገባልን?



ዓሣ ማጥመድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥራ ነው። አንዱ ለምግቡ፣ አንዱ ለገበያ፣ ሌላውም ለመዝናናት ያጠምዳል። ሥራው በራሱ ክፉ ነው አንልም። የምንጠይቀው ስለ ጊዜው ነው፤ ይኸውም ዓሣው ለመራባት በሚጓዝበት ወራት እርሱን ማጥመድ ተገቢ ነውን?

ጥያቄው ለጋይንት ሰው ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። የአርብ ገበያ አካባቢ ውኆች ወደ በሽሎ ይወርዳሉ፤ ሕዝቡም የሚኖረው በእርሻ እንጂ በዓሣ አይደለም። ነገር ግን ከፍታው ከ4000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ ምዕራባዊ ጎን የሚነሡት ጉማራና ርብ የፎገራን ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከሐይቁ ነጭ ዓሣ ዘሮች ብዙዎቹ የሚራቡት በእነዚህና በመሰል ወንዞች ነው። በሐምሌ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር በበዛበት ንጹሕ ውኃ ዕንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ።

በዚያ ወቅት መረቡን በወንዙ አፍ የዘረጋ ሰው ሳይደክም ብዙ ያገኛል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው የሚበትን ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት ያደነዝዛል። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህም የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በጣና ተስፋፋ። ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። የገበያው መረብና በመራቢያው ወንዝ የሚበተነው መርዝ ዋና ምክንያቶች ተብለው ተቆጥረዋል።

የሌላውን ዓለም ልማድ እንመልከት። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሚባለው ዓሣ፣ በአውሮፓ የታወቀ ነው። ቡናማው ትራውት በዚያ የሚራባው በመፀው ወራትና ከዚያ በኋላ ነው። ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ መሰል መንጠቆ የሚያጠምዱት ሰዎችም ወቅቱ ሲደርስ በብዙ ቦታ ወንዙን ይተዋሉ፤ ሕግ ይከለክላቸዋልና። ለእነርሱ ግን መተዉ ቀላል ነው፤ የሚቀርባቸው መዝናኛ እንጂ እንጀራ አይደለም። የጣናው አጥማጅ መረቡን ሲሰበስብ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ይህን ክርክር አቃልለን ልናልፈው አይገባም። የተራበ ሰው አንድ ዓሣ ይዞ ቤተሰቡን ቢያበላ የሚፈርድበት ማነው? ሆኖም የራብ ምሳ ሌላ፣ የወንዝን አፍ ዘግቶ ለገበያ መጫን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት የጋይንት ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በግንቦትና በሰኔ ጎተራው ሲራቆት እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እንደ ምግብ አይቆጥረውም፤ ጨንቆት ቢበላው የመጪውን ዓመት አዝመራ እንደ በላ ያውቃል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ የተሰጠው ትእዛዝም ወደዚሁ ሐሳብ ይመራናል። ከፍሬው መብላት ተፈቅዷል፤ የፍሬውን ምንጭ ማድረቅ ግን ገና ካልተወለዱት ላይ መውሰድ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ በየወንዙ አፍ ሌሊት ቆሞ አይጠብቅም። ሸክሙም በድኻው አጥማጅ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ገዢው በእነዚያ ወራት ዕንቁላል ያዘለውን ዓሣ ባይፈልግ መረቡ ትርፍ ያጣል፤ አጥማጁም ወራቱን የሚያልፍበት ሌላ ሥራ ወይም ብድር ቢያገኝ መታገሥ ይቻለዋል። በጉና ተዳፋት የሚያርሰውም ዓሣ ቀምሶ ባያውቅ እንኳ ድርሻ አለው፤ ከማሳው የሚታጠበው አፈር ዕንቁላሉ የሚያርፍበትን ጠጠር ይሸፍናልና። እርከን የሚሠራ ገበሬ የራሱን መሬት ሲጠብቅ፣ በማያየው ሐይቅ ዳር የሚኖረውን የባልንጀራውን ማዕድ ይጠብቃል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ዓሣው ለሰው ምግብ ተሰጥቷል፤ ነገር ግን ዛሬ ላለው ሰው ብቻ አልተሰጠም።