ወዳጅነት፣ ፍቅርና ዝምታ

በወዳጅነት ስም የቀረበ ሰው በልቡ ፍቅር ቢይዝና ዝም ቢል፣ ዝምታው እንደ ጨዋነት ይቆጠርለታል ወይስ እንደ ማታለል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ የቴሌቪዥን ኮሜዲም በሳቅ እያለዘበ ደጋግሞ አንሥቶታል። ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ በ236 ክፍሎች የታየው «ፍሬንድስ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ነው።

ዴቪድ ክሬንና ማርታ ካውፍማን የፈጠሩት ይህ ድራማ በኒውዮርክ የሚኖሩ የስድስት ጓደኛሞችን ሕይወት ያሳያል። ከእነርሱ አንዱ ሮስ፣ የእኅቱን የሞኒካን ጓደኛ ሬቸልን ከተማሪነቱ ዘመን አንሥቶ ያፈቅራታል። ሆኖም ሆድ ይፍጀው ብሎ ከጎኗ ይቀመጣል። ምሥጢሩ የሚወጣው ጓደኛው ቻንድለር ሳያስበው ከአፉ ሲያመልጠው ነው።

በዚህ ዝምታ የሚወቀስ ነገር አለን? ስሜት የባለቤቱ ነው፤ ያልተነገረ ፍቅር በተፈቃሪው ላይ ዕዳ አይጥልም። ከሠርጓ ሸሽታ አዲስ ኑሮ የጀመረችውን ሴት በሌላ ናፍቆት ላለማስጨነቅ መጠንቀቅም አክብሮት ነው። ይሁን እንጂ ሬቸል እውነቱን እንደሰማች ሮስን ልትቀበል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ትገሰግሳለች፤ እሱ ግን ከቻይና ሌላ ሴት አስከትሎ ይመለሳል። አስቀድማ ብታውቅ ኖሮ አስቀድማ በወሰነች ነበር። እንግዲህ ጨዋ የተባለውም ዝምታ ቢሆን በእሷ ፈንታ መርጦላት ኖሯል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታየው ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ሁለቱ በላስ ቬጋስ በስካር መንፈስ ይጋባሉ። ሮስ ጋብቻውን ለማፍረስ ቃል ይገባል፤ ነገር ግን ትዳሩ ሦስት ጊዜ የፈረሰበት ሰው ላለመባል ሲል ሳያፈርስ ይቀራል፤ ለሬቸል ግን ፈርሷል ይላታል። ተመልካች ይስቃል። ነገር ግን ጋብቻ የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። ፍቅሩን ሲደብቅ የራሱን ነገር ሰወረ፤ ጋብቻውን ሲደብቅ ግን የእሷንም ድርሻ ወሰደ።

በአንፃሩ ሞኒካና ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1998 በታየው የለንደን ክፍል ከጓደኝነት ወደ ፍቅር ሲሻገሩ፣ ነገሩን ለጊዜው ከሌሎች ይሰውራሉ እንጂ እርስ በርስ አይሸሸጉም። የእነርሱ ምሥጢር ከሁለቱ ለአንዳቸውም ምርጫን አልነፈገም። ትዳራቸው ጸንቶ፣ የሮስና የሬቸል ጉዳይ እስከ መጨረሻው ክፍል ሲንከባለል መቆየቱም በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ኮሜዲ በማዘግየት ይኖራል። ገፀ ባሕርይዋ የማታውቀውን ተመልካቹ ያውቃል፤ ከዚህም ሳቅና ጉጉት ይወለዳሉ። ነገር ግን በመድረክ ላይ የባከነውን ዓመት ደራሲው በአንድ ትዕይንት ሊክሰው ሲችል፣ በሕይወት ውስጥ የባከነውን የሚክስ የለም። ስለዚህ ዝም ያለ ወዳጅ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «መናገር ያሳፍረኛልን?» ብሎ ሳይሆን፣ «ይህን ብታውቅ ኖሮ ሌላ ትወስን ነበርን?» ብሎ ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ የእሱ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ መናገር ይገባዋል፤ እንቢታዋንም እንደ ወዳጅ መቀበል ይገባዋል።