በአፈር ውስጥ ያለ አደራ

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል። እኛ ግን ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ የግራር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ሲሸጥ እናያለን።

ዛፍ ካርቦንን ከአየር ስቦ ግንድ ያደርገዋል፤ ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስም ከፊሉ በአፈር ይከማቻል። የዓለም አፈር የያዘው ካርቦን በአየርና በዕፀዋት ካለው ድምር ይበልጣል። ሊቃውንትም የግንዱን ውፍረት፣ ዝናሙንና ሙቀቱን መዝነው የደኑን የነገ ዕድል በስሌት ያመለክታሉ። ነገር ግን ምሳሩን ከእጃችን የሚያስጥል ስሌት የለም።

ከአዳማ በስተ ምዕራብ ያለውን የዝቋላ ገዳም ደን በ2004 ዓ.ም. እሳት በበላው ጊዜ፥ ምእመናን ወጥተው ከመነኮሳቱ ጋር ታገሉት። ታዲያ የገዳሙን ጽድ የጻድቁ ነው ብለን ስናከብር፥ የሜዳውን ግራር የማን ልንለው ነው? ሁለቱም የአንድ ጌታ አደራዎች ናቸው።