ከፎቶው ጠርዝ ውጪ

ወዳጄ ስሜን ተራሮች ሄዶ ካነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው፣ ደረተ ቀይ ጭላዶች ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጩ የሚያሳየውን ነው። እውነትም ያምራል! ግን እኔም አብሬው ነበርኩ። ከመንጋው በስተግራ አንድ እረኛ ልጅ ከበጎቹ ጋር ቆሞ ነበር። «ዞር በል፣ ታበላሽብኛለህ» አለው። ልጁም ዞር አለ። (እኔም ዝም አልኩ፤ አልደብቅም።)

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ፎቶ ውሸት ነው ወይ? የሌለ ነገር አልተጨመረበትም። የተጣላነው ከሥሩ «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» ብሎ ሲጽፍበት ነው። ስሜን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ገበሬው እዚያው ያርስ ነበር፤ የግጭ መንደር ሰዎች ወጥተው ደባርቅ የሰፈሩት በ2008 ዓ.ም. ነው። በጉ የዋልያን ግጦሽ መሻማቱን አልክድም፤ ዋልያም ከስሜን ሌላ አገር የለውም። ይሁን እንጂ ልጁን ከፓርኩ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከነጭራሹ አልነበረም ማለት ሌላ።

ወዳጄ «ሰዓሊስ ይመርጥ የለ?» ይለኛል። ይመርጣል፤ ግን ሥዕል አይቶ «እንዲህ ነበር» ብሎ የሚምል የለም። ፎቶ ይታመናል፤ ዕዳውም ከዚያ ይመጣል።

ልጁ ሳይዞር የተነሣም አንድ አለው፤ ዱላውና ግማሽ ፊቱ ይታያል። «እሱን ስቀለው» ብለው፣ «የተበላሸ ነው» አለኝ።