መንኰራኵርና ጉንዳን

ሰው ክፉ ከመሥራት የሚታቀበው ቅጣት ፈርቶ ነውን፥ ወይስ ሥራው ክፉ ስለ ሆነ ነው? ይህን ጥያቄ ብዙ ዘመን ለተማሪዎቼ ሳነሣ ኖሬአለሁ። እኔን ራሴን የጠየቀኝ ግን በ2009 ዓ.ም. በአዊ ያየሁት የጉንዳን ሰልፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአራቱም እግራቸው የሚጎትቱ መኪናዎች ያሏቸው ወጣቶች በማኅበር ሆነው አገር ይዞሩ ነበርና፥ ስለ ደንና ስለ ነፍሳት አኗኗር እንዳስረዳቸው ለመኑኝ። በሦስት ላንድክሩዘር ሆነን ማለዳ በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ አየን፤ ይኸውም ጥንት እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ፥ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ውሃ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ ቅዳም ስናመራ ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው። ገበሬው ይህን ዛፍ ተክሎ በአራት በአምስት ዓመት ይቈርጠውና ከሰል ያከስለዋል፤ በከሰሉ ዋጋ የተማረ ልጅ ብዙ ስለ ሆነ እኔ ዛፉን አልንቀውም። ቢሆንም ወርደን ቅጠሉን ብናገላብጥ ያገኘነው ነፍሳት ጥቂት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ወደ ተጠበቀ አሮጌ ደን ስንገባ ግን፥ በአንድ የበሰበሰ ግንድ ሥር ብቻ ጥንዚዛው፥ ምስጡ፥ ሸረሪቱ ይርመሰመስ ጀመር። (ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት ወገን አትቈጠርም ብዬ አረምኋቸው፤ የመምህርነት ልማድ አይለቅም።) «ግንዱን እንደ ነበረ መልሱት፤ ጣሪያቸው ነው» ብላቸው መለሱት።

ስንመለስ በጠባቡ የአፈር መንገድ ላይ ጉንዳን ሲሻገር ደረስን። ይህ ጉንዳን ሠራተኛው ዐይን የለውም፤ በማሽተትና በመዳሰስ ይሄዳል። ቋሚ ቤትም ስለሌለው ምግብ ሲያልቅበት እጩን ተሸክሞ ይሰደዳል። ራሳቸው የገዘፈው ወታደሮቹ መንጋጋቸውን ከፍተው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። የፊተኛው መኪና ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ፥ «ጋሼ፥ እንለፍ? ጎማ አይነክሱ» አለኝ።

ይህ «ጎማ አይነክሱ» የሚለው ቃል ልቤን ያዘው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን የጣናንና የዓባይን አገር የመረመረው በበቅሎና በእግር ነው። በቅሎ ደግሞ ጉንዳን ላይ አትቆምም፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬም ዘሎ ያልፋል። ይህ ንክሻ መፍራት ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም። መኪናው ንክሻውን አስቀረልን፤ እንግዲህ መርገጥም ሆነ አለመርገጥ በእኛ ፈቃድ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

«ወዴት ትቸኵላለህ?» አልሁት።

«የትም፤ ወደ ምሳ» አለ።

«እንግዲያውስ ጠብቅ።»

ሞተሩን አጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ቆየን፥ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከኋላችን መጡ። እናታቸው ይሁኑ አማቷ አላወቅሁም፥ አንዲት አሮጊት የመኪናውን በር ይዘው «በማርያም!» አሉ። ሴቲቱን ከኋላ አስተኛናት፤ እኔም ሳላመነታ «ንዳ!» አልሁ። በሰልፉ ላይ አለፍን።

እንጅባራ ሐኪም ቤት ካደረስናት በኋላ በግቢው ተቀምጠን ሳለን፥ ነጂው ቀስ ብሎ፥ «ጋሼ፥ እንግዲያው የቅድሙ ርኅራኄ ጊዜ የተረፈው ሰው ጨዋታ ነበራ?» አለኝ።

«ጊዜ የተረፈን እኮ እኛ ነበርን» አልሁት። «ሴቲቱ ምክንያት ነበራት። አንተና እኔ የነበረን ምክንያት ምሳ ነው፤ በምሳ ደግሞ ነፍስ አይጠፋም።»

ዝም አለ፤ ያመነልኝ ግን አልመሰለኝም። እኔም ብሆን «ንዳ» ባልሁበት አልጸጸትም፤ የሚቈጨኝ፥ ስናልፍ ወደ ታች አለመመልከቴ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስለ እነርሱ ስሰብክ ቆይቼ፥ በመስኮት እንኳ ዘወር አላልሁም።

የቀሩት ሁለት መኪናዎች እንጅባራ የደረሱት ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ምን ስትሠሩ ቆያችሁ ብላቸው፥ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቅን አሉኝ።