ዋጋው የተከፈለለት ሰው



ደብዳቤ ስንጽፍ፥ ውል ስንዋዋል፥ የልጅ ልደት ስንመዘግብ፥ ከቍጥሩ ቀጥለን «ዓ.ም.» ብለን እናኖራለን። ትርጓሜውም ዓመተ ምሕረት ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ፥ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመተ ምሕረት ብላ ትቈጥራለችና። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ተማሪ ወደ እኛ ቀርቦ፥ «አባታችን፥ ዘመኑ የምሕረት ከሆነ ሞት ስለ ምን አልቀረም? ጦርነትና ረኀብስ? ዳንን የምትሉት ከምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር፥ የሰጠነው መልስ ተግሣጽ እንጂ ትምህርት አልነበረም። እርሱም መስቀል ተሳልሞ ዝም ብሎ ሄደ። በኋላ ነገሩን ስናሰላስለው ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ ተገነዘብን። ጌታችን ቶማስ በተጠራጠረ ጊዜ ቍስሉን አሳየው እንጂ ከደጅ አላስወጣውም። ስለዚህ ያን ቀን ልንመልስለት ይገባን የነበረውን ዛሬ እንመልሳለን።

ቤዛ ማለት በሌላው ፈንታ የሚከፈል ዋጋ፥ ምርኮኛን የሚያስለቅቅ ምትክ ማለት ነው። ይህም ምሳሌ ለአገራችን ሰው ሩቅ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሚሽር ዐዋጅ በኢትዮጵያ ታውጇል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሪያ የተባለው ሁሉ በሕግ ነጻ ሰው ነው። ነገር ግን ዐዋጁ ሳይደርሰው ወይም የኖረበት ልማድ ይዞት በቀድሞ ጌታው ደጅ የቀረ ሰው ቢኖር፥ እርሱን አይቶ «ዐዋጁ ሐሰት ነው» ማለት ይገባልን? አይገባም። የጐደለው በነጻነት መመላለሱ ነው እንጂ ዐዋጁ አይደለም።

የጌታችንም ቤዛነት እንዲሁ ነው። በመስቀል ላይ የተፈጸመው ሥራ ጉድለት የለበትም። ሞት ገና ቢታይም፥ የዘለዓለም ወህኒ መሆኑ ቀርቶ ወደ ትንሣኤ የሚያሻግር በር ሆኗል። ጦርነት ግን ነጻ የወጣው ሰው ወደ ቀድሞ ጌታው ወደ ኀጢአት ተመልሶ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ረኀብም ያለው ለሌለው ሲነፍግ ይከፋል። እስራኤል ከግብፅ የወጡት በአንዲት ሌሊት ነው፤ በምድረ በዳ የኖሩት ግን 40 ዘመን ነው። ባሕሩን የከፈለላቸው አምላክ በእነርሱ ፈንታ አልተራመደላቸውም። ጽናት ማለት ይህ መራመድ ነው። ጥምቀት ከግብፅ መውጣታችን፥ ቅዱስ ቍርባን የመንገድ ስንቃችን፥ ንስሐም በመንገድ ለወደቀው መነሻ ናት። ጾማችንና ምጽዋታችን በክርስቶስ ደም ላይ የምንጨምረው ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው የተከፈለለት ሰው አካሄድ ነው። ሆኖም የማይራመድ ሰው ወደ ርስቱ አይደርስም።

ጥርጥርም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን አርዮስ ወልድን ፍጡር ባለ ጊዜ የቤዛነትን መሠረት ነቀነቀ፤ ፍጡር ፍጡርን ከሞት ማዳን አይችልምና። ይህን የተቃወመው ቅዱስ አትናቴዎስ በኒቅያ ጉባኤ ገና ዲያቆን ነበረ። በኋላ በእስክንድርያ መንበር በቈየበት 45 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ ተሰደደ፤ 17 ዓመት ያህሉንም በስደት አሳለፈ። አባታችንን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን እርሱ ነው፤ ስለዚህም የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ፥ አቡነ ሰላማ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ወደ አክሱም ደብዳቤ ልኮ ነበር። ነገሥታት ሲለዋወጡ አትናቴዎስ ግን ቃሉን አልለወጠም። ይህም ግትርነት አይደለም፤ በክርስቶስ ደም የተገዛ ሰው ዳግመኛ እንደማይሸጥ ስላወቀ ነው እንጂ።

እንግዲህ ካህናት ወንድሞቻችን፥ «ዘመኑ ከፋ» እያልን ከማማረራችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። ተጠራጣሪው መጽሐፋችንን ከማንበቡ አስቀድሞ እኛን ያነባል። በመቅደስ ስለ ነጻነት ዘምረን፥ ከደጀ ሰላም ስንወጣ የገንዘብ፥ የሹመትና የቂም ባሮች ሆነን ብንገኝ፥ ዐዋጁን ሐሰት ያስመሰልነው እኛ ነን። ምእመናንም ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አትቈጧቸው፤ የሚጠይቅ ልጅ ገና ከደጅ አልራቀም። መልሱን ባታውቁ ከሚያውቅ አባት ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።

ያ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ፥ ደጃችን ክፍት መሆኑን ይወቅ። ጥያቄው እርሱን ሳይሆን እኛን ገሥጾናልና። በደሙ የዋጀን ጌታ፥ በጀመርንበት መንገድ እስከ ፍጻሜ ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።