የልጅ ጥርስ የማን አደራ ነው?

የጥርስ ጤና ብዙውን ጊዜ የንጽሕናና የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነው ቤተሰብ ሲገባበት ነው። ጎልማሳ ሰው ጥርሱን ችላ ቢል ወሳኙም ተጎጂውም ራሱ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ምን እንደሚበላ፣ ጡጦ ጎርሶ ይተኛ እንደሆነ፣ ማታ አፉ ይጸዳ እንደሆነ የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው፤ ሌሊት ሲያመው የሚያለቅሰው ግን እሱ ነው። ውሳኔው የአንዱ፣ ሕመሙ የሌላው ሲሆን ጥያቄው ይነሣል፦ የልጅ አካል የማን ነው? ወላጅስ በዚያ አካል ላይ ያለው ሥልጣን የባለቤት ነው ወይስ የባለአደራ?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የጥርስን ተፈጥሮ ማወቅ ይጠቅማል። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ከ6ኛው ወር ገደማ ጀምረው ብቅ ይላሉ፤ በ3 ዓመት አካባቢ ይሟላሉ። በ6 ዓመት ገደማ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ይበቅላሉ። የሚበቅሉት ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሆነ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ እየመሰሉት ይዘናጋባቸዋል። ቋሚ ጥርሶች ግን፣ 32ቱም፣ ከወለቁ ምትክ የላቸውም። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ሽፋን በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ሆኖም ሕያው ሕዋስ ስለሌለው አንዴ ከተቦረቦረ ራሱን አይጠግንም። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የሽፋኑን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ ጊዜ ካገኘ አሲዱን አርግቦ ከሟሟው ማዕድን የተወሰነውን ይመልሳል። ስለዚህ ጉዳቱን የሚወስነው የስኳሩ መጠን ብቻ አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ መወሰዱም ጭምር ነው። መበስበሱ ለወራት ያለ ሕመም ይሄዳል፤ ሕመም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱ ወደ ነርቩ ተጠግቷል። ልጅ ራሱ ሊያውቀውና ሊናገረው የማይችል ጉዳት በመሆኑ በእሱ ፈንታ የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል።

በክርስትና ትምህርት ሥጋ የሰው የግል ንብረት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደሆነ ያስተምራል። የተነሣበት ጉዳይ ዝሙት ቢሆንም የክርክሩ መሠረት ሰው የራሱ አይደለም የሚል ስለሆነ ለጤናም ይሠራል። የትንሣኤ ሙታን እምነትም ወደዚሁ ያመራል፤ የሚነሣ ሥጋ የትም የሚጣል ቅርፊት ሊሆን አይችልም። የአዲስ አበባው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚጠራበት ቅዱስ ቂርቆስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ለሰማዕትነት የቀረበ ነው፤ እናቱ በፈራች ጊዜ ያጸናት እሱ እንደሆነም ይተረካል። የወተት ጥርሱ ገና የተሟላለትን ሕፃን በሙሉ እምነቱና ክብሩ የሚያወድስ ትውፊት ልጅ የወላጁ ንብረት ነው ለሚል ሰው አይመችም።

እስልምና በጉዳዩ ላይ ይበልጥ ቀጥተኛ ነው። ሲዋክ ማለትም መፋቂያ መጠቀም ነቢዩ ሙሐመድ አጥብቀው ያበረታቱት ሱና ነው፤ በተለይ ለሶላት ሲቆሙ፣ ውዱእ ሲያደርጉና ከእንቅልፍ ሲነሡ ይወደዳል። በየቀኑ እየጾመ ሌሊቱን ሙሉ ይሰግድ የነበረውን አብደላህ ኢብን ዐምርን ነቢዩ እንዲያለዝብ እንደመከሩት፣ ሰውነቱም በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው እንደነገሩት በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲህ አካል ሐቁን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ራሱን መንከባከብ የማይችል የልጅ አካል ሐቁን የሚጠይቀው አሳዳጊውን ነው።

በአዲስ አበባ መፋቂያ የአንድ እምነት ተከታዮች ብቻ ዕቃ አይደለም። ከቡልጋሪያ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ ባሉት የቂርቆስ መንገዶች እስር መፋቂያ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሸጣሉ። የወይራ መፋቂያ ጫፍ ታኝኮ ጭረቱ ሲለያይና ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲሳብ የተጋገረውን ቆሻሻ በሚገባ ያነሣል። ድክመቱ ሁለት ነው፦ የመንጋጋዎቹን ውስጠኛ ጎን በቀላሉ አያገኝም፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የሚሰጠውን መከላከያም አይተካም። መፋቂያውንና ሳሙናውን አዋሕዶ መጠቀም የአባቶችን ልማድም የዘመኑን ሕክምናም ያከብራል።

ተቃራኒ ሐሳብም መልስ ይፈልጋል። ሥጋን ማድከም ነፍስን ያበረታል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ የምንኩስና ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 15 ደግሞ ክርስቶስ ርኩሰት የሚመነጨው ከልብ እንጂ ባልታጠበ እጅ ከመብላት እንዳልሆነ ያስተምራል። ከዚህ ተነሥቶ የአፍ ንጽሕና ለነፍስ ምንም አይደለም ብሎ መደምደም የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ በዚያው ክርክር መካከል፣ ክርስቶስ ገንዘባቸውን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው እያሉ አባትና እናታቸውን ከመጦር የሚሸሹትን ይገሥጻል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የውጭ ንጽሕና የልብን ንጽሕና አይተካም፤ መንፈሳዊ ሰበብም ለቤተሰብ የሚገባውን እንክብካቤ አያስቀርም። መነኩሴ የገዛ ሥጋውን ለማድከም መምረጥ ይችላል። ልጁን ወይም የሚጦራትን እናቱን ግን በእነሱ ፈንታ መርጦ ማመንኮስ አይችልም። ሕመም ተጋድሎ የሚሆነው ታማሚው ራሱ ወዶ ሲቀበለው ነው፤ በሌላ ሰው ችላ ባይነት የመጣ ሕመም በደል ነው።

በጎ ሐሳብ ብቻውንም አደራን አይጠብቅም። በኢትዮጵያ ብዙ አካባቢዎች ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው ድዱ ውስጥ «ግግ» አለበት ይባልና ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። የሚታየው እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ ጤናማ ጥርስ ነው። ድርጊቱ ደም መፍሰስን፣ ቁስለትንና የደም መመረዝን ያስከትላል፤ ከሥር ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥም ሊያበላሽ ይችላል። የተቅማጡ እውነተኛ ሕክምና ሲዘገይ ደግሞ ሕፃኑ በፈሳሽ እጥረት ሊሞት ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ ከሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ይጠቅሳል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም፤ ጭንቀታቸው ከልብ ነው። ፍቅር ያለ ዕውቀት ሊጎዳ ስለሚችል ማወቅ ራሱ የአደራው አካል ነው። የሚያተኩሰውንና የሚያስቀምጠውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

በከተማ ደግሞ ያው ፍቅር በስኳር ይገለጣል። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ለልጅ ከረሜላ ሳይዝ አይገባም፤ ልደትና ዓመት በዓል ያለ ለስላሳ አይታሰብም፤ ሲያለቅስ የሚሰጠው ጣፋጭ ያለው ጡጦ ነው። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ የምግብ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። ጣፋጩን ሙሉ በሙሉ መከልከል ግድ አይደለም። ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ መስጠትና በየመሐሉ ውኃ ማጠጣት ምራቅ ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ ይሰጣል። ጡጦ ጎርሶ መተኛት ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ ላይ ያድራል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የቤተሰብ አለመሆኑም መነገር አለበት። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በተፈጥሮው ብዙ ፍሎራይድ አለው፤ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል። ቋሚ ጥርሶች በሚሠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ሆኖ አዲስ አበባ ቢገባ የቱንም ያህል ቢቦርሽ ቀለሙ አይለቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ንጽሕናውን አይጠብቅም ብሎ መናቅ ውሸትም ግፍም ነው። እዚህ ላይ አደራው ከቤተሰብ አልፎ ንጹሕ ውኃ ማቅረብ ለሚገባው መንግሥትና ለማኅበረሰቡ ይሻገራል።

አደራው በቤት ውስጥ የሚጠበቅበት መንገድ ውድ አይደለም። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለችበት ቀን ጀምሮ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ይቦረሻል፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ያህል ሳሙና ይበቃል። ልጅ እስከ 7 ዓመት ገደማ እጁ ስለማይጠና ራሱ ከቦረሸ በኋላ ወላጅ ይደግምለታል። የማታው መቦረሽ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከእሱ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይወሰድም። ነፍሰ ጡር ሴት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዷ በቀላሉ ሊደማ ስለሚችል መቦረሹን መተው ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ መቀጠል ይኖርባታል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ በቀላሉ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አዛውንት፣ ልጅ ሳለ የቦረሹለት ሰው ይቦርሽላቸው። ብሩሽ የእያንዳንዱ ሰው የግል ዕቃ ነው፤ አንድን ብሩሽ በጋራ መጠቀም አይገባም። ሥጋ በጥርስ መሐል ሲገባ በስቴኪኒ ድድን መውጋት ያቆስላል፤ የጥርስ ክር ይሻላል።

አምልኮም ከዚህ ሥርዓት ጋር አይጋጭም። ለመቁረብ የሚጾም ምእመን ውኃ ወደ ጉሮሮው እንዳይወርድ ሰግቶ ጠዋት አፉን ሳይነካ ሊሄድ ይችላል፤ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ በሚገባ ከቦረሸ ግን ጥርሱን ንጹሕ አድርጎ ያድራል። በረመዳን የሚጾም ሙስሊምም ከኢፍጣር በኋላና ከሱሁር በኋላ ቢቦርሽ ሁለቱም የመቦረሻ ጊዜያት አይጓደሉበትም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ወላጅ ባለአደራ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ የሚጠየቀው ስለ ፍቅሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ጥበቃው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የሁለት ደቂቃ መቦረሽ በኋላ ከሚመጣው ማስነቀል ያድናል። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የልጆቻችሁን አፍ ከፍታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጥብ ወይም ነጭ እድፍ ካገኛችሁ ማመም እስኪጀምር አትጠብቁ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዷቸው።